አራት ድል፣ አምስት ሽንፈት፦ የትምህርት ቤታችንን ቡድን ከሁለተኛው ዙር እናስወጣው?

የሜዳው መምህር
መጋቢት 8 ቀን 2017

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ የወንዶቹን እግር ኳስ ቡድንም የማሰለጥነው እኔ ነኝ። ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ ነው። በአጭሩ የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ «ኳስ አይደል፣ ማሸነፍም መሸነፍም ያለ ነው» ብለው አልፈውኛል፤ ለልጆቹ ግን እንደዚያ ቀላል አልሆነም።

የክፍለ ከተማው የትምህርት ቤቶች ውድድር ኅዳር ላይ ሲጀመር የሚያቆመን አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፍን። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ሚኒ ሚዲያው የግብ አስቆጣሪዎቹን ስም ሲጠራ ግቢው በጭብጨባ ይደምቅ ነበር። አዲስ መለያ ተገዛልን። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች የአምበላችንን አረማመድ ሳይቀር መቅዳት ጀመሩ።

ጥር ላይ ነገሩ ተገለበጠ። በዓመቱ መካከል ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ አንድ አማካይ ነበረን። የዝውውር ሰነዱ ከቀድሞው ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ በመድረሱ ተጋጣሚያችን ክስ አስያዘ፤ ሜዳ ላይ 2 ለ 1 ያሸነፍነው አምስተኛው ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ተወሰደብን። ከዚያ ወዲህ ያደረግናቸውን አራት ጨዋታዎች ደግሞ ሜዳ ላይ ተሸነፍን። የመጨረሻው ከትናንት በስቲያ ነው። እስከ መደበኛው ሰዓት ማብቂያ ያለ ግብ ቆይተን፣ በጭማሪው ደቂቃ ከበረኛችን እጅ ያመለጠች ኳስ መረብ ውስጥ ገባች። ልጁ ከሜዳ ሲወጣ ማንም አጠገቡ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት አልመጣም።

ከቋሚ ተሰላፊዎቼ ሰባቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ስናሸንፍ ዝም ያሉ ወላጆች አሁን «ልጄን ከኳሱ ያውጡልኝ» እያሉ ይመጣሉ። ሁለተኛው ዙር መጋቢት 20 ይጀመራል። ከአስተዳደሩ በኩል ቡድኑ ራሱን ከውድድሩ ያግልል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ የፊታችን ዓርብ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ መልስ ይዤ እንድቀርብ ተነግሮኛል። እኔ ቡድኑ እንዲወጣ አልፈልግም። ነገር ግን «አልፈልግም» ብሎ መቆም ማንንም ወላጅ አያሳምንም። እንዲህ ያለ ዓመት ያሳለፋችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ተጫዋች የነበራችሁም፣ ምን አደረጋችሁ?

የተማሪ እናት
መጋቢት 8

መምህር፣ የእርስዎ ትምህርት ቤት ወላጅ አይደለሁም፤ ሆኖም ያነሷቸውን ወላጆች ልብ አውቀዋለሁና ስለ እነሱ ልናገር። ኳስ ጠልተን አይደለም። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ባለፈው ዓመት 5.4 በመቶ ደረሰ፤ ከመቶ ልጅ ከዘጠና የሚበልጠው አሁንም ወደቀ ማለት ነው። ይህን ፈተና ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሊፈተን ወራት የቀሩት ልጅ፣ ማታ ጉልበቱ ተልጦ፣ ተሸንፎና ተኳርፎ ሲገባ ማየት ለእናት ከባድ ነው።

ስናሸንፍ ዝም አሉ ብለው አዝነውብናል። ሲያሸንፉ እኮ ፊቱ በርቶ ይመጣል፣ እየበላ ይተርክልናል፣ ከዚያ ደብተሩን ይከፍታል። ሲሸነፉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኛ ያየነው የነጥቡን ሰንጠረዥ ሳይሆን ልጁን ነው።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ልጄ በቡድኑ ቢቆይ በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስድበታል? ስንት ሰዓት ቤት ይገባል? ከትምህርቱ ቢጓደል ማን ያየዋል? ይህን በወረቀት ጽፎ የሚሰጠኝ መምህር ቢኖር ልጄን አላስወጣም።

የሒሳብ መምህር
መጋቢት 9

እህቴ የጠየቁት ጥያቄ ቁልፉ ነው፤ መምህር ዓርብ ዕለት ይዘው መቅረብ ያለብዎትም ይህንኑ ወረቀት ነው።

ሰዓቱን አብረን እናስላው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ ቢኖር አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የጨዋታው ቀን ከመሄጃና ከመመለሻው ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወስድ ድምሩ ሰባት ሰዓት ነው። ልጁ ከቡድኑ ቢወጣ እነዚያ ሰባት ሰዓታት ወደ ደብተሩ ይሄዳሉ ወይ? በክፍሌ ካየኋቸው ልጆች አብዛኞቹ ጋር ወደ ስልኩ ነው የሄዱት። ልምምድ ያለበት ልጅ ግን የቀረችውን ሰዓት ስለሚያውቃት ይሰስትላታል። በፈተናው የሚወድቁ ልጆችን ወረቀት ስናይ የምናገኘው ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይያዝ ያለፈ ክፍልፋይና አልጀብራ ነው። ይህን ክፍተት ኳስ አልፈጠረውም፤ ኳስ ማስቆምም አይሞላውም።

እውነተኛው ግጭት ሌላ ቦታ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው ቅዳሜ ነው፤ ጨዋታውም ቅዳሜ ነው። ልጁ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ይጥላል፤ ወላጁም ትክክል ነው። የእናንተ እንዴት ነው? ከተጋጨ ዓርብ ከስብሰባው በፊት መነጋገር ያለብዎት ከማጠናከሪያ አስተማሪዎቹ ጋር ነው። ለሰባት ልጆች ብለን ሰዓት አንቀይርም ካሉ፣ ያመለጣቸውን ክፍለ ጊዜ ሌላ ቀን የሚያስተምር አንድ ፈቃደኛ መምህር አይጠፋም። እኔ በእናንተ ግቢ ብሆን አደርገው ነበር።

የቀድሞ ተከላካይ
መጋቢት 9

መምህር፣ እኔ ጽሑፍዎን ሳነብ ቆም ያልኩት በፎርፌው ላይ ነው። አራቱ ሽንፈቶች የመጡት ከእርሱ በኋላ ነውና።

በ2005 ዋልያዎቹን ያስታውሱ። ሰኔ 1 ቀን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፉ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ ውጤት ሲረቱ ከተማው በሙሉ ወደ መንገድ ወጣ፤ ምድቡን ጨረስን ብለን። ደስታው ሳይበርድ፣ በቦትስዋናው ጨዋታ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፏል ተባለና ፊፋ ያንን ጨዋታ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠው። ሦስት ነጥብ ተነቀለ። ያ ቡድን ግን በዚያ አላበቃም። ጳጉሜን ላይ ብራዛቪል ሄዶ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈና ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው የማጣሪያ ጨዋታም ደረሰ። እዚያ ተሸነፈ፤ የተሸነፈው ግን ሜዳ ላይ ነው።

ልጅ በወረቀት ሲሸነፍ የሚያጣው ሦስት ነጥብ ብቻ አይደለም። «ብንጫወትም ባንጫወትም አንድ ነው» የሚል ነገር ውስጡ ይገባል። እኔ ተማሪ ሆኜ ተጫውቻለሁ፤ ያ ሐሳብ አንዴ ከገባ ተከላካዩ ኳሷን ለመድረስ የሚያወጣት የመጨረሻዋ እርምጃ ትቀራለች። ስለዚህ ልጆቹን አስቀምጠው ስለዚያ ውሳኔ በግልጽ አነጋግረዋቸዋል ወይ? ያ የተዛወረው አማካይስ የት አለ? ስለ በረኛው ጽፈዋል፤ ስለ እርሱ ግን ምንም አላሉም። ይህ ልጅ አዲስ ግቢ፣ አዲስ ጓደኞች ላይ መጥቶ፣ በሁለት ወር ውስጥ የቡድኑ ውድቀት ምክንያት የተባለ ልጅ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ከመጋቢት 20 በፊት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ማኅደር ያዘጋጁ፤ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ካርድ፣ መሸኛ፣ ፎቶግራፍ፣ የካርድ ቅጣት መዝገብ ይኑረው። ለውድድሩ ኮሚቴ አሳይተው ያስፈርሙበት።

የሜዳው መምህር
መጋቢት 9

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማጠናከሪያው በትክክል ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጨዋታችን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ስለሆነ በሰዓት አይጋጭም። ሆኖም ልጆቹ ጠዋት ተምረው፣ ወደ ቤት ሄደው ለመመለስ ጊዜ ስለሌላቸው እዚያው ግቢ ውለው ነው ሜዳ የሚገቡት።

አማካዩ ልምምድ ይመጣል፤ ሰነዱ ደርሶ አሁን መጫወት ይችላል። ግን አማካይ ሆኖ ኳስ እንዲያቀብሉት አይጠይቅም። ይህን ያየሁት ዛሬ ጥያቄው ከተነሳ በኋላ ስከታተለው ነው።

በረኛችን ዛሬም አልመጣም። ማምሻውን ቤታቸው እሄዳለሁ።

ነርስ ከአዳማ
መጋቢት 10

መምህር፣ 10 ሰዓት ነው የምትጫወቱት ሲሉ ደነገጥኩ። ዘንድሮ ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ነው የገቡት። የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎቻችሁ በጾም የተደረጉ ናቸው ማለት ነው።

ሁዳዴ የሚጾም ልጅ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ከቆየ፣ 10 ሰዓት ላይ ወይ ባዶ ሆዱን ወይ አሁን የበላውን ተሸክሞ ይሮጣል። ረመዳን የሚጾመው ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። ከዚያ ላይ ጠዋት ትምህርት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ። በጭማሪው ደቂቃ ከእጅ ያመለጠችው ኳስ የበረኛው ብቻ አይደለችም። ድካም መጀመሪያ የሚሰርቀው የእጅንና የዓይንን ቅንጅት ነው።

ጨዋታው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ላይ ቢሆን ለሁለቱም ጿሚዎች ይሻላል፤ አንዱ የማታውን እራት፣ ሌላው የሱሁሩን ምግብ ይዞ ይገባል። ይህን ሌሎች አሰልጣኞችም ስለሚፈልጉት ብቻዎን ሳይሆን አብራችሁ ብትጠይቁ ኮሚቴው ይሰማል። ማጠናከሪያው ግን ያኔ ይጋጫልና የሒሳብ መምህሩ ያሉት ፈቃደኛ ያስፈልጋል።

በልምምድ በኩል እስከ ፋሲካ ድረስ የፍጥነት ሩጫውን ይቀንሱ፤ አጭር፣ ኳስ ያለበት ልምምድ ይበቃል። ለሁዳዴ ጿሚው በሶ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ምስር ጥሩ ጉልበት ይሰጣሉ። ለረመዳን ጿሚው ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውኃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ እንዲጠጣ ይንገሩት። አንድ ልጅ አዞረኝ ካለ፣ ከተደናበረ ወይም ንግግሩ ከተደነቃቀፈ ወዲያው ከሜዳ አውጥተው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ። ልጆች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ ጾሙን ያሰደቡ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ቀድመው እርስዎ ይንገሯቸው።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ
መጋቢት 10

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው፤ ሁለት ልጆቼ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናቸው። በእኛ ካውንቲ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ስም ለመወዳደር አማካይ ውጤቱ ከ2.0 ማነስ የለበትም፤ ከአንድ በላይ ትምህርትም መውደቅ አይችልም። ውጤቱ በየሩብ ዓመቱ ይታያል። የወደቀ ልጅ እስኪያሻሽል ድረስ አይሰለፍም። እናም ልጄ ሒሳቡን የሚሠራው ሜዳ እንዳይከለከል ነው። በአገራችን ወላጅ ልጁ በትምህርት እንዳይወድቅ ከኳስ ያስወጣዋል፤ እዚህ ልጁ ከኳስ እንዳይወጣ በትምህርቱ ይበረታል። እናንተም ይህን በወረቀት ማሰር ትችላላችሁ፤ የገንዘብ ወጪ የለውም።

እዚህ ሁሉም መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ነሐሴ ላይ የቡድን ምርጫ ይደረግና ብዙ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰናበታል። ወንዱ ልጄ በእግር ኳስ ሁለት ዓመት ተከታታይ ተሰናብቷል። ሴቷ ግን አገር አቋራጭ ሩጫ ነው የምትሮጠው፤ እዚያ የመጣ ሁሉ ይሮጣል። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ የቡድኑ ውጤት የሚሰላው በመጀመሪያዎቹ አምስት ልጆች ደረጃ ድምር ነው። እርሷ ሰባተኛ ነበረች። ጥቅምት ላይ ሁለት ልጆች ታመሙና ድንገት አምስተኛዋ እርሷ ሆነች።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ከተሰላፊዎቼ ሰባቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው ብለዋል። የሁለተኛ ደረጃ ቡድን በየዓመቱ ጎበዞቹን የሚሸኝ ቡድን ነው። መስከረም ላይ እነዚያ ሰባቱ የሉም። እዚህ ከዋናው ቡድን በታች ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍሎች የሚጫወቱበት ሁለተኛ ቡድን አለ። የእናንተ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች የአምበሉን አረማመድ እየቀዱ ነው ካሉ ተተኪ አለዎት።

የመረብ ኳስ አሰልጣኝ፣ ሐዋሳ
መጋቢት 10

ወንድሜ መምህር፣ የእርስዎ ልጆች አራት ጊዜ አሸንፈዋል። እኔ የሴቶች መረብ ኳስ አሰለጥናለሁ፤ ባለፈው ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። ሆኖም ዓመቱን ከጀመሩት ልጆች አንዷም አልቀረችም።

የመጀመሪያውን ዙር 25 ለ 7 ተሸነፍን። ልጆቹ ሲያለቅሱ «የሚቀጥለው ጨዋታ ግባችን ማሸነፍ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ዙር አሥር ነጥብ መውሰድ ነው» አልኳቸው። አሥር ስንደርስ አቅፌ ዘለልኩ። ዳኛው ሳይቀር ግራ ተጋባ። ከዚያ አሥራ አምስት አልን። ዓመቱ ሲያልቅ አንዱን ዙር 25 ለ 23 ነው የተሸነፍነው፤ ያን ቀን ያለቀሱት ለእኔ ሌላ ለቅሶ ነበር፤ ማሸነፍ እንችል ነበር ብለው የሚያለቅሱ ልጆች ሆነው ነበር።

ስለ ሴቶች ቡድን ማንም ስላልጠየቀ እኔው ላንሳው። የወንድ ቡድን ሲሸነፍ ወላጅ «ጥናትህ» ይላል። የሴት ቡድን ሲሸነፍ «ለዚህ ነው ቤቱን ጥለሽ የምትሄጂው?» ይባላል። ልምምድ ስታበቃ ወደ ቤት ሄዳ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ታናናሾቿን የምታጥብ ልጅ ናት። ቀኑ ሳይመሽ ካልለቀቅኳት ነገ አትመጣም። የመቀየሪያ ክፍል የለንም፤ ልብሳቸውን አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ አንዷ በር ይዛ ነው የሚቀይሩት። በወር አበባቸው ሰሞን የሚቀሩ ልጆች ነበሩኝ፤ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ። የንጽሕና መጠበቂያ ከኳሱ ከረጢት ጋር ማስቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ መቅረቱ ቀረ። ይህን የምጽፈው ይህን ውይይት የሚያነቡ የሴት ቡድን አሰልጣኞች ስላሉ ነው። ልጆቹ የሚቀሩት ሽንፈት ሰልችቷቸው ይመስለናል። ሽንፈቱን ይችሉታል፤ የማይችሉት ከበስተኋላው ያለውን ነው።

ደግሞ «ኳስ እንጀራ አይሆንም» የሚል ዓርብ ዕለት መነሳቱ አይቀርም። ያኔ ሰው የበቆጂውን መምህር ስንታየሁ እሸቱን፣ እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ይጠራል። እባክዎ በዚህ አይከራከሩ። ከእነሱ ጋር በዚያ ሜዳ የሮጡ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ልጆች አሉ፤ መምህሩ ለእነሱም በማለዳ ተነስቶ ነበር። የእርስዎ ክርክር ስለ እነሱ ይሁን።

የበረኛ እህት
መጋቢት 11

ወንድሜ በረኛ ነበር፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ እንዲሁ በእግሩ መሃል ባለፈች ኳስ ተሸነፉ። ለብዙ ቀናት ከማንም ጋር አልበላም። አሰልጣኙ በሚቀጥለው ጨዋታ «ትንሽ ይረፍ» ብሎ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ለእርሱ ብሎ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሜ ግን የተረዳው ሌላ ነው፤ ግቢው ሁሉ «ጥፋቱ የእርሱ ነበር» ብሎ ፈረደ ብሎ ነው የተረዳው። ከዚያ በኋላ ጓንቱን አልነካም።

መምህር፣ ቤቱ በመሄድዎ እግዚአብሔር ይስጥዎ። ይህን ልጅ መጋቢት 20 ያሰልፉት።

የቀድሞ ተከላካይ
መጋቢት 11

እህቴ፣ ሕመሙ ገብቶኛል፤ በዚህ ግን አልስማማም። ያልተዘጋጀ ልጅን ለማጽናናት ብሎ ማሰለፍ፣ ሌላ ግብ ከገባበት፣ ሁለት ጊዜ መስበር ነው። ደግሞ ሁለተኛው በረኛ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የተለማመደ ልጅ ነው። ለእርሱስ ፍትሕ የለም? አንድ ጨዋታ አርፎ በልምምድ እጁ ሲመለስ ቢገባ ይሻላል።

የበረኛ እህት
መጋቢት 11

የእርስዎ ሐሳብ ለቡድኑ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምናገረው ስለ ልጁ ነው። ቢያንስ እርሱ ሳይጠየቅ አይወሰን። ወንድሜን «ትፈልጋለህ ወይ?» ያለው ሰው አልነበረም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ
መጋቢት 11

በመካከላችሁ ገብቼ ለመናገር ፍቀዱልኝ። እኔ የሌላ ትምህርት ቤት ቡድን አምበል ነኝ፤ ዘንድሮ እፈተናለሁ። መምህር፣ በዓርቡ ስብሰባ መምህራን አሉ፣ ወላጆች አሉ፣ አስተዳደር አለ። ስለ እኛ ነው የሚወሰነው፤ እኛ ግን አንጠራም። በእኛ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን እንዲህ ተበተነ፤ ልጆቹ የሰሙት ሰኞ በሚኒ ሚዲያ ነው።

ከእኛም ውስጥ በእውነት ማቆም የሚፈልግ አለ። እኔ አውቃለሁ፤ ጓደኞቹን የከዳ እንዳይመስል ፈርቶ ዝም ብሏል። ጠይቁን። ሰባቱንም አንድ በአንድ ጠይቋቸው።

ከጎጃም
መጋቢት 12

የእኛ ትምህርት ቤት በጸጥታው ችግር ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ቡድናችንም አብሮ ተበተነ፤ ግማሾቹ ልጆች የት እንዳሉ አላውቅም። እናንተ ጨዋታ አላችሁ፣ ተጋጣሚ አላችሁ፣ ሜዳ የሚመጣ ልጅ አላችሁ። ዓርብ ቡድኑ ይውጣ የሚል ሰው ሲነሳ ይህን አስታውሱልኝ። የተበተነ ቡድን እንደገና መሰብሰብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኔ አሁን እያየሁት ነው።

የሜዳው መምህር
መጋቢት 13

ትናንት ስብሰባው ተደረገ። ቡድኑ ይቀጥላል።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሐሙስ ሰባቱን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አምስቱ እንቀጥላለን አሉ። ሁለቱ ማቆም እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ አንደኛው ይህን ሲናገር እንባው መጣ፤ ከጥር ጀምሮ ሊነግረኝ ይፈልግ ነበር። ተማሪው ጸሐፊ በትክክል ነበር ያወቀው። ሁለቱንም በልምምድ ላይ በቡድኑ ፊት ስለ ሠሩት ሥራ አመስግኜ መለያቸውን ለራሳቸው ሰጠሁ፤ ትምህርት ቤቱም ፈቀደ።

ለወላጆች አንድ ገጽ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። የልምምድ ቀናትና ሰዓታት፣ ልጁ ግቢውን የሚለቅበት ሰዓት፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ከክፍል ኃላፊ መምህሩ የሚመጣ የውጤት ማስታወሻ፣ በፈተና ያሽቆለቆለ ተጫዋች እስኪያሻሽል ልምምድ እንጂ ጨዋታ እንደማይኖረው ጻፍኩ። ከሞዴል ፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ልምምድ የለም። አንድ አባት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ይህን ኅዳር ላይ ብንሰማው ኖሮ» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረገበ። የሒሳብ መምህራችን ያመለጠውን ማጠናከሪያ ረቡዕ ከሰዓት ለማስተማር ፈቅደዋል።

የጨዋታ ሰዓቱን በተመለከተ ከሦስት ትምህርት ቤቶች አሰልጣኞች ጋር አብረን አመለከትን፤ እስከ ፋሲካ ያሉት ጨዋታዎች ጠዋት 3 ሰዓት ሆነዋል።

በረኛችን ሐሙስ ተመልሷል። ቤታቸው ስሄድ ከእናቱ ጋር ቡና ጠጣን፤ ስለ ኳስ ብዙ አላወራንም። ስወጣ እስከ ታክሲው ሸኘኝ። መጋቢት 20 መጫወት ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ልምምድ ላይ ይዩኝና ይወስኑ» አለኝ። ሁለታችሁም በተከራከራችሁበት ላይ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

የተማሪ እናት
መጋቢት 13

መምህር፣ ያንን ወረቀት እዚህ ቢያስቀምጡት ለልጄ ትምህርት ቤት አሳያለሁ። እግዚአብሔር ያክብርዎት።

የሜዳው መምህር
መጋቢት 22

በቅድሚያ ለሙስሊም ወገኖቻችን ዒድ ሙባረክ፤ ትናንት ከተጫዋቾቼ የአንዱ ቤት ተጋብዘን በልተናል።

ቅዳሜ 1 ለ 1 ወጣን። ተጋጣሚያችን የምድቡ መሪ ነው። በረኛችን ተሰለፈ፤ በልምምድ ከሁለተኛው በረኛ ጋር እኩል ሆነው ነበር፤ ለሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ሁለተኛው እንደሚገባ ለሁለቱም ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ከማዕዘን ምት ግብ ተቆጠረበት። ወደ እርሱ የሮጠው የመጀመሪያው ልጅ ያ የተዛወረው አማካይ ነው። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ኳስ ስጡኝ ብሎ እጁን ሲያነሳ ዋለ። የአቻነቷ ግብ የመጣችው ከእርሱ ቅጣት ምት ነው፤ አሥረኛ ክፍል ያለ፣ በመጀመሪያው ዙር አንድ ደቂቃ እንኳ ያልተሰለፈ ልጅ በግንባሩ ገጭቶ አስገባት። የበልግ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ስላደረገው ከእረፍት በኋላ ከሁለቱም ወገን እግር ኳስ ለመባል የሚበቃ ነገር ብዙም አልታየም፤ ማንም ግን አልቆመም።

ነጥባችን አሁን 13 ነው፤ ሩብ ፍጻሜ ለመግባት ከቀሩት ጨዋታዎች ቢያንስ ሦስቱን ማሸነፍ ይኖርብናል። ቀላል አይደለም።

ወረቀቱን የጠየቁኝ ስለበዙ ነገ በኮምፒውተር ጽፌ እዚሁ አስቀምጣለሁ። አንድ ጥያቄም አለኝ። የቀኝ ተከላካያችን ቁርጭምጭሚቱ ተጠማዞ አብጧል፤ እርሱ ቅዳሜ እጫወታለሁ ይላል። ነርስ ከአዳማ፣ ካሉ ምን ይመክሩኛል?

ነርስ ከአዳማ
መጋቢት 22

አለሁ። እግሩን መሬት አስረግጦ ጥቂት እርምጃ መሄድ ካልቻለ ወይም አጥንቱን ሲጫኑት ከጮኸ ዛሬውኑ ራጅ ይነሳ። መራመድ ከቻለ ለሁለት ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሃያ ደቂቃ ሃያ ደቂቃ ያዙለት፤ በፋሻ ታስሮ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያድርገው፤ አትሹት። ቅዳሜ ግን አይጫወትም። በአንድ እግሩ ቆሞ መዝለል ሲችል፣ ሮጦ በድንገት ሲታጠፍ ሳያመው፣ ያኔ እናወራለን።

የመረብ ኳስ አሰልጣኝ፣ ሐዋሳ
መጋቢት 22

በእርሱ ቦታ አሥረኛ ክፍሉን ይሞክሩት፤ በግንባሩ የገጨው ልጅ ቁመት ካለው ይሆናል። ወረቀቱን ሲያስቀምጡ ለሴቶች ቡድን የሚሆን ሁለት መስመር እጨምርበታለሁ፤ ከጨለማ በፊት የመልቀቂያ ሰዓትና የመቀየሪያ ክፍል ጉዳይ።